የኪይ ስሞችና ትራንስፖዚሽን በሆርን ኖታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት ሆርን (ብዙዎች ፍሬንች ሆርን የሚሉትን) መጫወት የጀመሩ፣ የኦርኬስትራ ስኮር (የሁሉም መሣሪያዎች ኖታ በአንድ ላይ የተጻፈበትን) የሚያነቡ እና ለሆርን የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። የድምፆቹ ስሞች በእንግሊዝኛው ልማድ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ተብለው ተጠርተዋል፤ ስለዚህ «ሲ» ሲባል ዶ የሚባለው ድምፅ ነው። «ፍላት» ድምፁን በግማሽ ዝቅ፣ «ሻርፕ» በግማሽ ከፍ ያደርጋል፤ «ናቹራል» ሁለቱም የሌሉበት ነው። የሌሎች ቋንቋዎች አጠራር በየቦታው ተለይቶ ይጠቀሳል።

በፓርቱ (ለአንድ ተጫዋች በተሰጠው የኖታ ወረቀት) ራስ ላይ «ሆርን በኢ ፍላት» ከተባለ ሙዚቃው በኢ ፍላት ኪይ (ኢ ፍላትን መነሻ ባደረገ ስኬል) ነው ማለት ነው?

አይደለም። ስያሜው የሚናገረው ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ሙዚቃው አይደለም። ተጫዋቹ በወረቀቱ ላይ ሲ የሚለውን ኖታ አንብቦ ሲነፋ የሚሰማው ድምፅ የትኛው እንደሆነ ያመለክታል። «በኢ ፍላት» ከሆነ የተጻፈው ሲ ኢ ፍላት ሆኖ ይሰማል፤ «በዲ» ከሆነ ዲ፣ «በኤፍ» ከሆነ ኤፍ ሆኖ ይሰማል። ይህ አንድ ሐሳብ በደንብ ከተያዘ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሳው ሌላው ሁሉ ከእሱ የሚመነጭ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች የሙዚቃው ኪይና የሆርኑ ስያሜ ብዙ ጊዜ አንድ ስለሚሆኑ ነው። የሞዛርት የሆርን ኮንሰርቶዎች ከአንዱ በስተቀር በኢ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ ሆርኑም በኢ ፍላት ነው። ነገር ግን የእሱኑ የ1788ቱን ሲምፎኒ ቁጥር 40 ስንመለከት ሙዚቃው በጂ ማይነር ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ክፍል አንደኛው ሆርን በቢ ፍላት አልቶ (በከፍተኛው ቢ ፍላት)፣ ሁለተኛው ደግሞ በጂ ተጽፏል። ይህን ያደረገው ከሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ተደምረው የሚገኙት ድምፆች ለማይነር ኪይ ይበልጥ ስለሚስማሙለት ነው። ስለዚህ ከፓርቱ ስያሜ ተነስቶ የሙዚቃውን ኪይ መገመት አስተማማኝ አይደለም።

ሆርን ለምን እንደሚሰማው አይጻፍም?

ቫልቭ (በጣት ሲጫኑት የቱቦውን ርዝመት የሚለውጠው ክፍል) ከመፈልሰፉ በፊት ሆርን አንድ ረጅም የተጠቀለለ ቱቦ ብቻ ነበር። ከአንድ ቱቦ ደግሞ ከንፈርን በማጥበቅና በማላላት የሚወጡት ሃርሞኒክ ሲሪስ የሚባሉት የተፈጥሮ ድምፆች ብቻ ናቸው። ከመካከለኛው ሲ ወደ ላይ ሲጻፉ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ቀጥሎም በኤፍና በኤፍ ሻርፕ መካከል የሚወድቅ አስቸጋሪ ድምፅ፣ ከዚያም ጂ እያሉ ይቀጥላሉ። ከመካከለኛው ሲ በታች ያሉት ጥቂትና የተራራቁ ሲሆኑ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ።

ሌላ ኪይ ሲያስፈልግ ተጫዋቹ ክሩክ የሚባለውን ተጨማሪ ጠመዝማዛ ቱቦ አውጥቶ በሌላ ይቀይራል። ቱቦው ሲረዝም ሁሉም ድምፅ ይወርዳል፤ ሲያጥር ሁሉም ይወጣል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀትና የከንፈሩ ሥራ ግን እንዳለ ይቆያል። በዚህ ምክንያት የሙዚቃ ደራሲዎች የትኛውም ክሩክ ቢገባ ተከታታዩን በሲ ላይ መሥርተው መጻፍን መረጡ፤ ተጫዋቹ ጂን ሲያይ የሚያውቀውን ያንኑ የከንፈር አያያዝ ይዞ ይነፋል፣ የሚሰማውን ድምፅ የሚወስነው ክሩኩ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በድሬዝደን ይሠራ የነበረው አንቶን ሃምፔል ያዳበረው የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም እጅን በመሣሪያው አፍ ውስጥ በማስገባት የጎደሉትን ድምፆች ማውጣት፣ የሚገኙትን ድምፆች ቁጥር ቢያበዛም የአጻጻፉን ልማድ አልለወጠውም። ልማዱ ለተጫዋች እጅግ የሚመች ነበር፤ እኛን የሚያስቸግረን ክሩኩ ቀርቶ ጽሑፉ ስለቀረ ብቻ ነው።

ቫልቭ ከመጣ በኋላስ ደራሲዎች ለምን በተለያዩ ኪይዎች መጻፋቸውን ቀጠሉ?

ሃይንሪክ ሽቶልትሰልና ፍሪድሪክ ብሉሜል ለቫልቭ የባለቤትነት መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1818 በበርሊን ነው። ይሁን እንጂ ልማድ በአንድ ቀን አይቀየርም፤ አንዳንዶቹም ልማዱን ትተው ለመሄድ አልፈለጉም። ብራምስ የቫልቩን መሣሪያ በሚገባ ቢያውቅም ስለ ሆርን ያስብ የነበረው በአሮጌው ዘዴ ነው፤ የ1865ቱን የሆርን ትሪዮውን የጻፈው ቫልቭ ለሌለው ሆርን በኢ ፍላት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ሲምፎኒው የመጀመሪያ ክፍል ላይም አንደኛውን የሆርን ጥንድ በሲ፣ ሌላውን በኢ ፍላት አድርጓል። ዋግነር ደግሞ ሎሄንግሪን በተባለው ኦፔራው ውስጥ ስያሜውን እጅግ ቶሎ ቶሎ ከመለዋወጡ የተነሳ በእውነተኛ ክሩክ ቀይሮ ለመድረስ የማይቻልባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ላይ ስያሜው ክሩክ ቀይሩ የሚል ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ፣ ዜማው በየትኛው የተፈጥሮ ተከታታይ ላይ እንደተመሠረተ የሚጠቁም የአጻጻፍ ስልት ሆኗል።

ኤፍ መደበኛ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ወደ 3.7 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው የኤፍ ቱቦ ከክሩኮቹ ሁሉ መካከል ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ድምፁም ከረጃጅሞቹ ይልቅ ቀልጣፋ፣ ከአጫጭሮቹ ይልቅ ሞቅ ያለ ነው። ዛሬ አዲስ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው በኤፍ ብቻ ይጻፍ፤ ሌላውን የሚመርጥበት ምክንያት የለም።

ኤፍ ሆርን የሚያነብ ሰው ሌላ ስያሜ ያለውን ፓርት ለመጫወት በምን ያህል ማዛወር (ትራንስፖዝ ማድረግ) አለበት?

ጥያቄውን ለመመለስ በኤፍና በተሰየመው ኪይ መካከል ያለውን ርቀት መቁጠር ይበቃል። የተሰየመው ኪይ ከኤፍ በታች ከሆነ የተጻፈውን በዚያው ልክ ዝቅ፣ ከኤፍ በላይ ከሆነ በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ መጫወት ነው።

ወደ ታች ሲሄድ፣ በኢ የተጻፈ በግማሽ ድምፅ፣ በኢ ፍላት የተጻፈ በሙሉ ድምፅ፣ በዲ የተጻፈ በማይነር ሦስተኛ፣ በዲ ፍላት የተጻፈ በሜጀር ሦስተኛ፣ በሲ የተጻፈ በፐርፌክት አራተኛ ዝቅ ይላል። ከዚያ በታች ያሉት ባሶ (ዝቅተኛ) የሚባሉት ናቸው፤ ቢ ናቹራል ባሶ በትራይቶን፣ ቢ ፍላት ባሶ በፐርፌክት አምስተኛ፣ ኤ ባሶ በማይነር ስድስተኛ፣ ኤ ፍላት ባሶ በሜጀር ስድስተኛ ዝቅ ይላሉ። ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ኤፍ ሻርፕ ወይም ጂ ፍላት በግማሽ ድምፅ፣ ጂ በሙሉ ድምፅ፣ ኤ ፍላት በማይነር ሦስተኛ፣ ኤ በሜጀር ሦስተኛ፣ ቢ ፍላት አልቶ በፐርፌክት አራተኛ፣ ሲ አልቶ በፐርፌክት አምስተኛ ከፍ ይላሉ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሸምደድ አያስፈልግም። ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ሲ እና ኢ ከተለመዱ የክላሲካልና የሮማንቲክ ሥራዎች አብዛኛው ይከፈታል፤ ጂ፣ ኤ እና ሁለቱ ቢ ፍላቶች ቀጥለው ይምጡ።

በተግባር እንዴት ይሠራል? አንድ ምሳሌ ቢሰጥ?

በኢ ፍላት ፓርት ላይ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ሲ ተጽፏል እንበል። የኤፍ ተጫዋቹ እያንዳንዱን በሙሉ ድምፅ አውርዶ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት ብሎ ያነባል። የኤፍ ሆርን ከተጻፈው በፐርፌክት አምስተኛ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ አዳራሹ ውስጥ የሚደርሰው ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት ነው፤ ደራሲው የፈለገውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያደናቅፉት ሻርፕ፣ ፍላትና ናቹራል ምልክቶች ናቸው። በዚያው ፓርት ላይ ኤፍ ሻርፕ ቢመጣ የሚነፋው ኢ ናቹራል ነው፤ ያለ ምልክት የተጻፈው ኤፍ ግን ኢ ፍላት ይሆናል። ቢ ፍላት ተጽፎ ከሆነ ኤ ፍላት፣ ቢ ናቹራል ከሆነ ኤ ናቹራል ይነፋል። ስለዚህ ሻርፕ ተጽፎ እያለ ናቹራል መንፋት ሊያጋጥም ይችላል፤ ምልክቱን በቀጥታ ከመገልበጥ ይልቅ «ድምፁን ግማሽ ከፍ አድርግ» ወይም «ግማሽ ዝቅ አድርግ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ማየት ይሻላል።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ኖታ በኖታ አይቆጥሩም፤ የአዲሱን ኪይ ስኬል በራሳቸው ውስጥ ይዘው በዚያ ውስጥ ያነባሉ። ለኢ ፍላት ፓርት ሁለት ፍላት ያለውን ቢ ፍላት ሜጀርን፣ ለዲ ሦስት ሻርፕ ያለውን ኤ ሜጀርን፣ ለሲ ጂ ሜጀርን፣ ለጂ ዲ ሜጀርን፣ ለኤ ኢ ሜጀርን፣ ለሁለቱም ቢ ፍላቶች ኤፍ ሜጀርን ያስባሉ። በኢ የተጻፈው ለየት ያለ ምርጫ አለው፤ አምስት ሻርፕ ባለው ቢ ሜጀር ማሰብ ይቻላል፣ ወይም ኖታዎቹን ባሉበት ቦታ ትቶ ሁሉም ላይ ፍላት እንዳለ በመቁጠር በሲ ፍላት ሜጀር ማንበብ ይቻላል። ሁለተኛው በወረቀት ላይ አስፈሪ ቢመስልም ዓይን ከኖታው ቦታ ስለማይናወጥ ፈጣን ዜማ ላይ ብዙዎችን ያግዛል።

በጀርመንኛ ፓርቶች ላይ «ቢ» እና «ኤች» የሚሉት ምንድን ናቸው?

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። በጀርመንኛ ልማድ ቢ የሚለው ፊደል ብቻውን ሲቆም ቢ ፍላት ማለት ነው፤ ቢ ናቹራልን የሚወክለው ኤች የሚለው ፊደል ነው። ስለዚህ በጀርመን አሳታሚ ፓርት ላይ በቢ ፊደል የተሰየመ ሆርን ሲታይ ቢ ፍላት ነው ብሎ ማንበብ ይገባል፤ ያው ፊደል በእንግሊዝኛ እትም ላይ ከታየ ግን ቢ ናቹራል ነው። የብራምስ ሁለተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል በቢ ሜጀር ሲሆን ሆርኑ በኤች ፊደል ተሰይሟል፤ ይህን ቢ ፍላት ብሎ ያነበበ ሰው ከኦርኬስትራው በግማሽ ድምፅ ርቆ ይገኛል።

የቀሩት ስሞች ሥርዓት ያላቸው ናቸው። ፊደሉ ላይ «ኢስ» ሲጨመር ሻርፕ፣ «ኤስ» ሲጨመር ፍላት ይሆናል፤ ፊስ ኤፍ ሻርፕ፣ ዴስ ዲ ፍላት፣ ጌስ ጂ ፍላት ነው። ሁለቱ ብቻ ያጥራሉ፦ ኢ ፍላት «ኤስ»፣ ኤ ፍላት «አስ» ይባላሉ። ዱር ሜጀር፣ ሞል ማይነር ነው። የቃል አጠራሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጀርመናዊ ኮንዳክተር «ኤ» ሲል የሚጠራው እኛ ኢ የምንለውን ፊደል ነው፣ እኛ ኤ የምንለውን እሱ «አ» ይለዋል። ልምምድ ላይ ጥርጣሬ ካለ «ከዶ ስንተኛው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

የጣሊያንኛና የፈረንሳይኛ ስሞችስ? አንዳንድ አሮጌ ጽሑፎች ላይ ያሉት ረጃጅም ስሞችስ?

ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ከፊደል ይልቅ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የሚሉትን ይጠቀማሉ። ዶ ሲ፣ ሬ ዲ፣ ሚ ኢ፣ ፋ ኤፍ፣ ሶል ጂ፣ ላ ኤ ነው፤ የመጨረሻው ሲ ደግሞ ቢ ነው። በአማርኛ ስንጽፈው ይህ የሶልፌጅ ሲ ከእንግሊዝኛው ሲ ጋር አንድ ስለሚመስል፣ በማስታወሻ ላይ «ሶልፌጅ ሲ» ወይም በቀጥታ «ቢ» ብሎ መለየት ብዙ ችግር ያድናል። ፈረንሳይኛ ለዶ «ዩት» የሚል የቆየ ስምም አለው፤ «ኮር አን ዩት» ማለት ሆርን በሲ ነው። ፍላት በጣሊያንኛ ቤሞሌ፣ በፈረንሳይኛ ቤሞል ይባላል፤ ሚ ቤሞል እንግዲህ ኢ ፍላት ነው። በእጅ በተገለበጡ ፓርቶች ላይ ከስሙ ጎን ያለችው ትንሽ የፍላት ምልክት ስለምትደበዝዝ ሚና ሚ ቤሞልን ማሳሳት ቀላል ነው።

ረጃጅሞቹ ስሞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፎች ላይ ይገኛሉ። ኤላፋ ኢ ፍላት፣ ኤላሚ ኢ ናቹራል፣ አላሚሬ ኤ፣ ጄሶልሬኡት ጂ፣ ቤፋ ቢ ፍላት ማለት ነው። አሠራራቸው ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የድምፁ ፊደል ሲሆን፣ ተከትለውት የሚመጡት ደግሞ ያ ድምፅ በተለያዩ ባለ ስድስት ድምፅ ስኬሎች ውስጥ የሚይዛቸው ስሞች ናቸው። ለተጫዋቹ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ፊደልና በመጨረሻ ፋ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ኤላፋን ከኤላሚ የሚለየው ያ ፋ ነውና።

አልቶና ባሶ የሚሉት ካልተጻፉ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄው በዋናነት የሚነሳው በቢ ፍላትና በሲ፣ አልፎ አልፎም በኤ ላይ ነው። የአልቶው ቢ ፍላት ሆርን ወደ 2.7 ሜትር የሚሆን ቱቦ አለው፤ የባሶው እጥፉ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ ኦክታቭ ነው። በጀርመንኛ ከፍተኛው «ሆኽ»፣ ዝቅተኛው «ቲፍ» ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ዝቅተኛው «ግራቭ» ነው።

ቃሉ ከሌለ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። መጀመሪያ የፓርቱን ከፍተኛ ኖታ መመልከት ያስፈልጋል፤ የተጻፈው ከትሬብል ክሌፍ መስመሮች በላይ ባለው ጂ ላይ የሚያበቃ ከሆነ አልቶም ባሶም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በላይ እስከ ሲ የሚወጣ ከሆነ ግን በቢ ፍላት አልቶ ለማንም የሚከብድ ከፍታ ስለሚሆን ባሶ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ቀጥሎ ስኮሩን ማየት ነው፤ ሆርኑ ከየትኛው መሣሪያ ጋር አንድ ድምፅ እንደሚይዝ፣ በቫዮሊኑና በቤዙ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላው በየትኛው ኦክታቭ ሲሆን እንደሆነ ይታያል። በመጨረሻም የደራሲው ልማድ አለ፤ በቤትሆቨን ዘንድ ቢ ፍላት በአብዛኛው ባሶ ነው፣ አራተኛው ሲምፎኒም እንዲሁ። በሃይድን ሥራዎች ላይ ግን ምሁራን እስከ ዛሬ የሚከራከሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ ውሳኔው የኮንዳክተሩ ቢሆን ይሻላል፣ ሁለቱ ሆርኖች በተለያየ ኦክታቭ እንዳይጫወቱም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በቤዝ ክሌፍ የተጻፉ የሆርን ኖታዎች ለምን አንዳንዴ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዛወራሉ?

ሁለት የአጻጻፍ ልማዶች ስላሉ ነው። በአሮጌው ልማድ የቤዝ ክሌፍ ኖታዎች ከሚገባቸው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ይጻፋሉ፤ ስለዚህ የኤፍ ሆርን ኖታ ከተጻፈው በፐርፌክት አራተኛ ከፍ ብሎ ይሰማል። በአዲሱ ልማድ ግን ቤዝ ክሌፍም እንደ ትሬብል ክሌፍ ሆኖ፣ ከተጻፈው በፐርፌክት አምስተኛ ዝቅ ብሎ ይሰማል። በቤዝ ክሌፍ ሁለተኛው ክፍተት ላይ የተቀመጠው ሲ በአሮጌው ልማድ ከመካከለኛው ሲ በታች የሚገኘውን የቅርቡን ኤፍ ሲሰጥ፣ በአዲሱ ከዚያ አንድ ኦክታቭ የወረደውን ኤፍ ይሰጣል።

የትኛው እንደሆነ የሚለየው ዜማው ከትሬብል ወደ ቤዝ የሚሻገርበትን ቦታ በመመልከት ነው። በስኬል እየወረደ የነበረ ዜማ ክሌፉ ሲቀየር ድንገት አንድ ኦክታቭ ተጨማሪ የዘለለ ከመሰለ አሮጌው ልማድ ነው። ከቤዝ ክሌፍ መስመሮች በታች ሁለት ተጨማሪ መስመር ይዞ የተጻፈ ሲም ብዙውን ጊዜ የአሮጌው ምልክት ነው፤ በአዲሱ ልማድ ያ ድምፅ ከተለመደው የመሣሪያው ስፋት በታች ይወድቃልና። የክላሲካል ዘመን ሥራዎች አሮጌውን ይከተላሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ስለኖሩ በዓመቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። አዲስ የሚጽፍ ሰው አዲሱን ልማድ ይጠቀም፤ ይህንንም በስኮሩ መግቢያ ላይ በአንድ መስመር ቢገልጽ ተጫዋቾች ያመሰግኑታል።

የሆርን ፓርቶች ለምን ኪይ ሲግኔቸር (ኪዩን የሚያሳዩ በመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ የሚጻፉ ሻርፖች ወይም ፍላቶች) የላቸውም?

ቫልቭ የሌለው ሆርን ሁልጊዜ በሲ ስለሚጻፍ ሲግኔቸር አያስፈልገውም ነበር፤ የሚገኙት ጥቂት ሻርፕና ፍላቶችም በየኖታው ፊት ይጻፉ ነበር። የቫልቭ ሆርን ከመጣ በኋላም ኦርኬስትራዎች ይህን ልማድ ይዘው ቀጥለዋል። በነፋስ መሣሪያዎች ባንድ ሙዚቃ ውስጥ ግን የኤፍ ሆርን ፓርት ሲግኔቸር ይሰጠዋል፤ ደንቡም በሙዚቃው ኪይ ላይ አንድ ሻርፕ መጨመር ወይም አንድ ፍላት መቀነስ ነው። ሙዚቃው ሦስት ፍላት ባለው ኢ ፍላት ከሆነ ሆርኑ ሁለት ፍላት ባለው ቢ ፍላት ያነባል።

ደብል ሆርን አለኝ። አውራ ጣቴን ተጭኜ ወደ ቢ ፍላት ስሻገር ኖታውን ማዛወር አለብኝ?

የለብዎትም። ፍሪትስ ክሩስፔ በ1897 በኤርፉርት ያስተዋወቀው ደብል ሆርን በአንድ አካል ውስጥ የኤፍና የቢ ፍላት ቱቦዎችን ይይዛል፤ የአውራ ጣት ቫልቩ አየሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። የሚለወጠው የጣት አያያዝ ነው እንጂ የሚነበበው ኖታ አይደለም። ለምሳሌ በትሬብል ክሌፍ የላይኛው መስመር ላይ ያለው ኤፍ በኤፍ በኩል በአንደኛው ቫልቭ ሲነፋ፣ በቢ ፍላት በኩል ከአውራ ጣት በስተቀር ያለ ምንም ቫልቭ ይወጣል፤ ሁለቱም የሚሰጡት ያንኑ ቢ ፍላት ነው። የቢ ፍላት ሲንግል ሆርን ብቻ የሚጫወት ሰውም ቢሆን በኤፍ የተጻፈውን በኤፍ እንዳለ ያነባል፤ ልዩነቱ የተማረው የጣት አያያዝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግራ መጋባት የሚፈጥረው «ሆርን በቢ ፍላት» የሚለው ሐረግ ሁለት ነገር መናገሩ ነው። ፓርቱ ራስ ላይ ሲጻፍ ስለ ኖታው ነው፣ በመሣሪያ ሻጭ ዘንድ ሲነገር ግን ስለ ቱቦው ርዝመት ነው።

መሃል ላይ «ሙታ ኢን» የሚል ቢመጣስ?

«ቀይር ወደ» ማለት ነው፤ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ በአዲሱ ስያሜ ይነበባል። በቫልቭ አልባው ዘመን ተጫዋቹ ክሩኩን የሚቀይርበት ጊዜ ያስፈልገው ስለነበር ከቃሉ ቀጥሎ ዕረፍት ይኖራል። በቤትሆቨን ሦስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ሦስቱ ሆርኖች በኢ ፍላት ሲሆኑ፣ ዋናው ዜማ ተመልሶ ከመጣ በኋላ አንደኛው ሆርን ለአንድ አጭር ሶሎ ወደ ኤፍ ይቀይርና ኋላ ወደ ኢ ፍላት ይመለሳል። ዛሬ በኤፍ የሚያነብ ተጫዋች ሶሎዋን እንዳለች ይነፋታል። አደጋው ያለው ሶሎው ካለቀ በኋላ ነው፤ እንደገና በሙሉ ድምፅ መውረድን የረሳ ሰው ወዲያውኑ ይሰማበታል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ቃላት በእርሳስ ማክበብ ጥሩ ነው።

ሃይድን በ1772 በጻፈው ሲምፎኒ ቁጥር 45 ያልተለመደውን ኤፍ ሻርፕ ለማግኘት ለሆርኖቹ ግማሽ ድምፅ የሚያወርድ ልዩ ተጨማሪ ቱቦ አሠርቷል። ክሩክ የሙዚቃ ደራሲውን ምርጫ ምን ያህል ይወስን እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ስኮር የሚያነብ ኮንዳክተር የሆርኑን ትክክለኛ ድምፅ በፍጥነት እንዴት ያገኛል?

ክሌፎችን የተማረ ሰው የተጻፈውን ትሬብል ክሌፍ ትቶ በሌላ ክሌፍ እንደተጻፈ አድርጎ ያነበዋል። ለኤፍ ሆርን ሁለተኛው መስመር ላይ ሲ የሚያስቀምጠው ሜዞ ሶፕራኖ ክሌፍ፣ ለዲ አልቶ ክሌፍ፣ ለኤ ሶፕራኖ ክሌፍ፣ ለቢ ፍላት ባሶ ቴነር ክሌፍ ትክክለኛውን ኦክታቭ ጭምር ይሰጣሉ። ለኢ ፍላት ቤዝ ክሌፍን አስቦ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ነው። ክሌፉ የኖታውን ስም ብቻ ስለሚያስተካክል ሻርፕና ፍላቱን ከሚሰማው ኪይ ጋር ማስታረቅ የአንባቢው ሥራ ነው።

ክሌፎቹን ላልተማረ ሰው አንድ አቋራጭ አለ። ኢንግሊሽ ሆርን የሚባለው የእንጨት መሣሪያም በኤፍ ሆኖ ልክ እንደ ሆርኑ በፐርፌክት አምስተኛ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማንበብ መልመድ ይቻላል።

ፓርቱን በሶፍትዌር ወደ ኤፍ አዛውሮ ማተም አይቀልም?

ይቀላል፤ ነገ ኮንሰርት ላለበት ሰውም የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የተዛወረ ፓርት አንድ መረጃ ያጠፋል። በዲ የተጻፈ ሲና ጂ ተጫዋቹን «እነዚህ የቱቦው ክፍት ድምፆች ናቸው» ይለዋል፤ በኤፍ ተዛውረው ኤና ኢ ሲሆኑ ግን ከሌላው ኖታ ሁሉ አይለዩም። ደራሲው የትኛውን ድምፅ ክፍትና ብሩህ፣ የትኛውን በእጅ የታፈነ አድርጎ እንዳሰበው የሚታየው በአሮጌው ጽሑፍ ነው። በኦርኬስትራ የመግቢያ ፈተና ላይም ተፈታኙ የሚሰጠው ባልተዛወረው ፓርት ነውና፣ ሆርንን ሙያው ሊያደርግ ያሰበ ሰው ቢዘገይም ከዚህ አያመልጥም።

የባንድ «ኢ ፍላት ሆርን» ፓርት ከኦርኬስትራው ሆርን በኢ ፍላት ጋር አንድ ነው?

መሣሪያው አንድ አይደለም። የብራስ ባንድ ቴነር ሆርን፣ በሌሎች ቦታዎች አልቶ ሆርን የሚባለው፣ አፉ ወደ ላይ የሚያይ አጭር መሣሪያ ነው። አነባበቡ ግን አንድ ነው፦ የተጻፈው ሲ በሜጀር ስድስተኛ ወርዶ ኢ ፍላት ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የኤፍ ተጫዋች አሮጌ የባንድ ፓርት ሲደርሰው ልክ እንደ ሞዛርት ኮንሰርቶ በሙሉ ድምፅ እያወረደ መጫወት ይችላል፤ ሲግኔቸሩ ላይም ሁለት ፍላት ይጨምራል ወይም ሁለት ሻርፕ ይቀንሳል።